ሙሴንግቼ ለምን ውሃ ያቁራል? የጨው ሳይንስ በቶርንተን ማእድ ቤት

ዐቢይ ጾም ከገባ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ከዴንቨር በስተ ሰሜን በምትገኘው በቶርንተን የሚኖር ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ገበታ ምን እንደሚመስል ለመገመት አያዳግትም። ምስር ክኩ፣ ሽሮው፣ ጎመኑና ፎሶልያው ተራቸውን ጠብቀው ቀርበዋል። ሁሉም የበሰሉ፣ ሁሉም ለስላሳ ናቸው። የጎደለው ቀዝቀዝ ያለ፣ ኮምጠጥ የሚልና ሲያኝኩት ቀጭ የሚል ማባያ ነው።

እንዲህ ያለው ማባያ በአካባቢው ከኮሪያውያን ገበታ አይጠፋም። በቶርንተን ጎረቤት በዌስትሚንስተርና በአውሮራ የሚገኙት የኤች ማርት መደብሮች ነጩን ትልቅ ራዲሽ፣ ሸካራውን ቀይ በርበሬና የተዘጋጀውን ማባያ ጎን ለጎን ይሸጣሉ። በአውሮራ በሃቫና ጎዳና ዙሪያ ደግሞ የኮሪያና የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች በጉርብትና ይሠራሉ። አውሮራ ራሷ የደቡብ ኮሪያዋ የሶንግናምም የኢትዮጵያዋ የአዳማም እህት ከተማ መሆኗ ለዚህ ጉርብትና ጥሩ ማስረጃ ነው። የቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ ከዘመተ ወዲህ የሁለቱ ሕዝቦች ትውውቅ ሰባት አሥርት ዓመታት ተሻግሯል፤ የማእድ ቤቱ ትውውቅ ግን ገና ነው።

በምግብ ቤት የቀመሱትን በቤታቸው የሚሞክሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ቅሬታ ያሰማሉ። ምሽት ላይ የተሠራው ማባያ መልካም ነው። በማግሥቱ ግን ከሳህኑ ሥር ቀይ ውሃ ተጠራቅሞ ይገኛል፤ ራዲሹ ልሞ ተጣጥፏል፤ ጣዕሙም አንዴ ጨው የበዛበት፣ አንዴ ደግሞ አልጫ ይሆናል። ጥፋተኛ የሚባለው ራዲሹ ነው። በእውነቱ ግን ችግሩ ያለው በጨው መጠንና በሥራው ቅደም ተከተል ላይ ነው።

ስሙና ምንነቱ

ኮሪያውያን ከሩዝና ከሾርባ ጋር በትንንሽ ሳህን የሚደረድሯቸውን ምግቦች ባንቻን ይሏቸዋል። በአማርኛ ከማባያ የተሻለ አቻ ያለው አይመስልም። ከእነዚህ አንዱ ሙሴንግቼ ነው። «ሙ» ራዲሽ ነው፤ «ሴንግ» ጥሬ ማለት ነው፤ «ቼ» ደግሞ አትክልት። ስለዚህ ስሙ አሠራሩን ይነግራል፦ ያልበሰለ፣ በቀጭን የተከተፈ፣ በበርበሬ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በአቼቶና በስኳር የተለወሰ የራዲሽ ሥር ነው። ዘይት የለውም፤ ቅቤ የለውም፤ እሳትም አያስፈልገውም። ብዙ ኮሪያውያን ጥቂት የዓሣ ሶስ ይጨምሩበታል፤ ለጾም ያንን መተው ይቻላል። የኮሪያ የቡድሃ ገዳማት ምግብ ከመጀመሪያውም ዓሣ የማይገባበት በመሆኑ ያለ ዓሣ መሥራት እንግዳ ነገር አይደለም። ገዳማውያኑ እንዲያውም ነጭ ሽንኩርትንና የሽንኩርት ወገን የሆነውን ሁሉ ይተዋሉ፤ ኢትዮጵያዊ ጿሚ ያን ያህል መሄድ አይጠበቅበትም።

የኮሪያው ራዲሽ አጠር፣ ወፈር ብሎ ወደ አናቱ አረንጓዴ የሚል ነው። በተራ መደብሮች ዳይኮን ተብሎ የሚሸጠው ረጅሙና ቀጭኑ የጃፓን ዓይነት ውሃው ጥቂት ይበዛል እንጂ ለዚህ ሥራ ያገለግላል። ትንንሾቹ ቀይ ራዲሾች ግን አይመከሩም፤ ልጣጫቸው ብዙ፣ ሥጋቸው ትንሽ ነውና። ሲገዛ መጠኑ ሲታይ ከሚጠበቀው በላይ የሚከብደውን መምረጥ ያዋጣል። የኮሎራዶ አየር ደረቅ ስለሆነ በመደርደሪያ ላይ የቆየ ሥር ውሃውን አጥቶ ውስጡ እንደ ቡሽ ይሆናል፤ ይህን ደግሞ ዐይን ሳይሆን እጅ ነው የሚያውቀው።

ውሃው ከየት ይመጣል?

ከራዲሽ ክብደት 95 በመቶ ገደማ የሚሆነው ውሃ ነው። ይህ ውሃ እንደ ሰፍነግ ውሃ ባዶ ቀዳዳ ውስጥ የተቀመጠ አይደለም። እያንዳንዱ የሥሩ ሕዋስ በስስ ገለፈት የተከበበ ነው፤ ከገለፈቱ ውጭ ደግሞ ጠንካራ ግድግዳ አለው። ውሃው ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋል፤ ግድግዳው ይመልሰዋል። ሕዋሱ እንደ ተነፋ ኳስ የሚወጠረው በዚህ ግብግብ ነው። ጥሬ ራዲሽ ሲነከስ ቀጭ የሚለው እነዚህ የተወጠሩ ጥቃቅን ኳሶች በጥርስ ሥር ሲፈነዱ ነው።

በተከተፈው ራዲሽ ላይ ጨው ሲነሰነስ ጨዉ ላዩ ላይ ባለው እርጥበት ይሟሟል። አሁን ከገለፈቱ ውጭ ያለው ፈሳሽ ከውስጡ ይልቅ ብዙ ጨው ይዟል። ገለፈቱ ውሃን እንደ ልብ ያሳልፋል፤ ጨውን ግን ያግዳል። ስለዚህ ውሃው የጨው ብዛት ወዳለበት ወደ ውጭ ይፈስሳል። ሳይንሱ ይህን ኦስሞሲስ ይለዋል። ጉልበቱም ቀላል አይደለም፤ በ1 ሊትር ውሃ 15 ግራም ጨው ቢሟሟ የሚፈጠረው የኦስሞሲስ ግፊት በስሌት 12 ከባቢ አየር ገደማ ይደርሳል። በአንድ የቤት መኪና ጎማ ውስጥ ያለው ግፊት ከ2 ከባቢ አየር ብዙም አይርቅም። አንድ ቁንጥር ጨው ያለ ጩኸት ከጎማ አምስት እጥፍ የሚበልጥ ግፊት ይፈጥራል ማለት ነው።

ከዚህ የሚከተለው ቁም ነገር አንድ ነው። ራዲሹ ጨው እስከ ነካው ድረስ ውሃው መውጣቱ አይቀርም። የሠሪው ምርጫ ውሃው መቼ ይውጣ የሚለው ብቻ ነው። በርበሬው፣ ስኳሩና አቼቶው ከመግባታቸው በፊት ከወጣ ይደፋል፤ ቅመሙ ሳይቀጥን ይቀራል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ከተደባለቀ ግን ውሃው ሌሊቱን ሙሉ ወደ ቅመሙ ይፈስሳል፤ ጠዋት የሚገኘው ቀይ ኩሬ ይኸው ነው። በርግጥ በኮሪያ ቤቶች ሁለቱም ልማድ አለ። ወዲያው ለሚበላ ጥቂት ማባያ ጨውን ቀድሞ ማሳረፍ ግዴታ አይደለም፤ ለሳምንት ብሎ አንድ ኪሎ ለሚሠራ ሰው ግን ቢዘለል የሚያስቆጭ ደረጃ ነው።

ስኳርስ ውሃ አይስብም ወይ? ይስባል፤ ነገር ግን የስኳር ሞለኪውል ትልቅ በመሆኑ በአንድ ግራም ውስጥ ያለው ቁጥር ከጨው በጣም ያነሰ ነው። በእኩል ክብደት ጨው ከስኳር 12 እጥፍ ገደማ የበለጠ ይስባል። ጨውን ቀንሶ በስኳር ለመተካት የሚሞክር ሰው የማይሳካለት ለዚህ ነው።

ማንኪያ የሚያታልልበት ቦታ

ብዙ የአሠራር መመሪያዎች «አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው» ብለው ያልፋሉ። በአሜሪካ ገበያ ይህ ትልቅ ወጥመድ ነው። ደቃቁ የገበታ ጨው በአንድ የሾርባ ማንኪያ 18 ግራም ያህል ይመዝናል። የሞርተን ኮሸር ጨው 15 ግራም ገደማ ነው። ዳይመንድ ክሪስታል የተባለው ኮሸር ጨው ግን ቅንጣቱ ባዶና ሰፊ በመሆኑ በዚያው ማንኪያ 9 ግራም ገደማ ብቻ ይሆናል። ሦስቱም «አንድ ማንኪያ» ናቸው፤ በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል ግን እጥፍ ልዩነት አለ። ያንዱ ቤት ማባያ አልጫ፣ የሌላው ጨው የበዛበት ቢሆን አያስደንቅም።

መፍትሔው ርካሽ የማእድ ቤት ሚዛን ነው። ለሙሴንግቼ የጨዉ ልክ ከተከተፈው ራዲሽ ክብደት 1.5 በመቶ ነው፤ ለ1 ኪሎ ራዲሽ 15 ግራም። የጨዉ ዓይነት ምንም ይሁን ምን 15 ግራም 15 ግራም ነው። እግረ መንገድ አንድ ነገር መታወቅ አለበት፤ አብዛኛው ኮሸር ጨውና የኮሪያው የባሕር ጨው አዮዲን አልተጨመረበትም። በቤት ውስጥ ያለውን ጨው በሙሉ በኮሸር የተካ ቤተሰብ አዮዲኑን ከየት እንደሚያገኝ ማሰብ ይኖርበታል። አዮዲን ያለው የገበታ ጨውም ይህን ማባያ አያበላሽም።

ውፍረትና ጊዜ

ሁለተኛው ልኬት የክትፊያው ውፍረት ነው። ጨው ወደ አትክልት ውስጥ የሚሰርግበት ጊዜ ከውፍረቱ ጋር በቀጥታ አያድግም፤ ከውፍረቱ ካሬ ጋር ነው የሚያድገው። ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ጊዜው አራት እጥፍ ይሆናል። በዚህ ሕግ ሲሰላ ለ3 ሚሊ ሜትር ቀጫጭን ክትፎ ግማሽ ሰዓት ገደማ በቂ ሲሆን፣ በየጎኑ 2 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ኩብ አንድ ቀን ገደማ ያስፈልጋል። ኮሪያውያን ከዚሁ ራዲሽ የሚሠሩት ካክዱጊ የተባለው ባለ ኩብ ኪምቺ አንድ ሁለት ቀን ሳይቆይ ልኩን የማያገኘው፣ ሙሴንግቼ ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ ለገበታ የሚደርሰው በዚህ ነው። የስሌቱን ቀመር ማንም አያት አላሰላውም፤ በልምድ ግን ትክክል ተገኝቷል።

መፈግፈጊያ መጠቀም ሥራውን ያፋጥናል፤ ጉዳቱ ግን ይታያል። የደነዘዘ መፈግፈጊያ ሕዋሱን ከመቁረጥ ይልቅ ይጨፈልቀዋል፤ የተጨፈለቀ ሕዋስ ደግሞ ውሃውን ያለ ጨውም ይለቅቃል። በሰላ ቢላዋ፣ ከሥሩ ርዝመት ጋር ተከትሎ መክተፍ የበለጠ ቀጭ የሚል ውጤት ይሰጣል።

ስንፈጣው

ራዲሽ ሲላጥ አፍንጫን የሚሰነፍጥ ሽታ ያወጣል። ይህ ጠባይ ሰናፍጭ ስሙን ካገኘበት ጠባይ ጋር አንድ ነው፤ ኬሚስትሪውም አንድ ነው። ራዲሽ፣ ጎመንና ሰናፍጭ የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ናቸው። ግሉኮሲኖሌት የሚባሉ ድኝ የያዙ ውሕዶችን በአንድ በኩል፣ ማይሮሲኔዝ የተባለውን ኢንዛይም በሌላ በኩል ለያይተው ያስቀምጣሉ። ቢላዋ ሕዋሱን ሲቆርጥ ሁለቱ ይገናኛሉ፤ የሚሰነፍጠው ውሕድ ያን ጊዜ ይፈጠራል። ለተክሉ ይህ ከተባይ መከላከያ ነው፤ ለሰው ደግሞ ቅመም ነው።

ስንፈጣው በሥሩ ሁሉ እኩል አይደለም። በልጣጩና በጭራው በኩል ይበረታል፤ ከቅጠሉ ሥር ያለው አረንጓዴ ክፍል ግን ጣፋጭ ነው። ለጥሬ ማባያ የላይኛውን ግማሽ መውሰድና ጭራውን ለሾርባ ማስቀረት የኮሪያ ባለሙያዎች የታወቀ ዘዴ ነው። በበልግና በክረምት መግቢያ የሚሰበሰበው ራዲሽ ከበጋው ይልቅ ጣፋጭ በመሆኑ የበጋውን ሲጠቀሙ ስኳሩን ትንሽ ከፍ ማድረግ ይፈቀዳል። በማቀዝቀዣ ውስጥ ከቆየ በኋላ የሚመጣው ደስ የማይል የድኝ ሽታም የዚሁ ውሕድ መፈራረስ ውጤት ነው፤ የተበላሸ ምግብ ሽታ አይደለም። ክዳኑ የሚገጥም የመስታወት ዕቃ ከሌለ ግን ሽታው ወደ ቅቤውም ወደ ወተቱም መዛመቱ አይቀርም።

በርበሬው በበርበሬ አይተካም

እዚህ ላይ ኢትዮጵያዊ ማእድ ቤት ቀላል መስሎ የሚታይ ስህተት ይሠራል። ጎቹጋሩ የተባለው የኮሪያ በርበሬ ደርቆ፣ ፍሬው በአብዛኛው ወጥቶ፣ ሸካራ ሆኖ የተፈጨ ንጹሕ በርበሬ ነው። የእኛው በርበሬ ግን ስሙ በርበሬ ይሁን እንጂ ድብልቅ ነው፤ ኮረሪማው፣ ነጭና ጥቁር አዝሙዱ፣ ድንብላሉና በሶብላው፣ ጨዉም ጭምር አለበት። ለቁሌት የተዘጋጀ ስለሆነ ያልበሰለ ራዲሽ ላይ ሲነሰነስ ጥሬ ጥሬ ይላል፤ ድቃቁም ከውሃው ጋር ተዋሕዶ ጭቃ ይመስላል። በውስጡ ያለው ጨው ደግሞ በሚዛን የተለካውን 15 ግራም ያፋልሳል። ሚጥሚጣማ ከናካቴው አይሞከርም።

ጎቹጋሩ ካልተገኘ የሚሻለው ከሀገር ቤት የመጣ፣ ቅመም ያልገባበት ዛላ በርበሬ ነው። የማረቆ ዛላ በቀለሙ ደማቅ፣ በማቃጠሉ መካከለኛ በመሆኑ ተስማሚ ነው። ፍሬው ተራግፎ፣ በቡና መፍጫ ለአጭር ጊዜ ሸካራ ተደርጎ ይፈጫል። ሁለቱም በርበሬዎች የዘር ሐረጋቸው ከአሜሪካ አህጉር የሚመዘዝ ነው፤ በኮሪያም በኢትዮጵያም ከክሪስቶፎር ኮሎምበስ ጉዞ በፊት በርበሬ የሚባል ነገር አልነበረም።

በርበሬው ከሌላው ቅመም ሁሉ ቀድሞ መግባት አለበት። የራዲሹ ላይ ጥቂት እርጥበት ቅንጣቶቹን አለስልሶ ከክትፎው ጋር ያጣብቃቸዋል። የሰሊጥ ዘይት ቀድሞ ከገባ ግን ክትፎውን ይሸፍነዋል፤ በርበሬው ተንሸራቶ ከሥር ይቀራል። የዘይቱ ቦታ መጨረሻ ላይ ነው፤ ለዚህ ማባያ ባይገባም አይጎድልበትም።

አሠራሩ

ለ1 ኪሎ የተላጠ ራዲሽ 15 ግራም ጨው፣ 20 ግራም ጎቹጋሩ፣ 15 ግራም ስኳር፣ 30 ሚሊ ሊትር ነጭ ወይም የሩዝ አቼቶ፣ ሦስት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ዝንጅብል፣ ሁለት ዘለላ የሽንኩርት ቅጠልና አንድ የሾርባ ማንኪያ የተቆላ ሰሊጥ ይዘጋጃል።

ራዲሹ በ5 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ በ3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይከተፋል። ጨዉ ተነስንሶ በእጅ በቀስታ ይገላበጣል፤ ለ30 ደቂቃ ይተዋል። በመካከሉ አንድ ጊዜ ማገላበጥ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ከላይ ያለው ሳይነካ ይቀራል። አንዱን ክትፎ አንስቶ ማጠፍ ፈተናው ነው፦ ሳይሰበር ከታጠፈ ደርሷል። ከዚያ በማጥለያ ላይ ይገለበጣል። ለአምስት ደቂቃ ራሱ ይንጠባጠብ፤ በመጨረሻ በመዳፍ ጫን ቢደረግ በቂ ነው። እንደ ልብስ መጭመቅ አይገባም፤ ውሃው ብቻ ሳይሆን ጣፋጩም አብሮ ይወጣል። ከ1 ኪሎው ከ150 እስከ 200 ግራም ውሃ ከወጣ ልክ ነው። ሚዛኑ እዚህም ያገለግላል፤ 100 ግራም እንኳ ካልወጣ አሥር ደቂቃ ይጨመርለት።

ክትፎው አይታጠብም። በርበሬው ገብቶ እስኪቀላ ድረስ ይታሻል። ቀጥሎ የተወቀጠው ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ ስኳሩ፣ አቼቶው ይገባሉ። የሽንኩርት ቅጠሉና ሰሊጡ መጨረሻ ላይ ናቸው። ለገበታ ከመቅረቡ በፊት ለአሥራ አምስት ደቂቃ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢቆይ ጣዕሙ ይገናኛል። በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወይም ከዚያ በታች ከተቀመጠ ለአራት አምስት ቀን መልካም ሆኖ ይቆያል፤ በንጹሕ ማንኪያ መቅዳት ግን ግድ ነው፤ እንጀራ የያዘ እጅ ከገባበት ዕድሜው ያጥራል።

አቼቶውን ትቶ፣ ራዲሹን በ2 ሳንቲ ሜትር ኩብ ቆርጦ፣ ጨዉን ወደ 2 በመቶ ከፍ አድርጎ አንድ ወይም ሁለት ቀን ከማቀዝቀዣ ውጭ የሚያሳድር ሰው ወደ ካክዱጊ ተሻግሯል። በዚያ ኮምጣጣነቱን የሚያመጣው አቼቶ ሳይሆን ላክቲክ አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ሌውኮኖስቶክ የተባለው ወገን ሥራውን ይጀምረዋል። አዋዜና ዳጣም የሚብላሉት በዚሁ ዓይነት ባክቴሪያዎች ነውና ነገሩ ለእኛ ባዕድ አይደለም። ዕቃው እስከ አፉ አይሞላም፤ ክዳኑም አይጠብቅም፤ የሚወጣው ጋዝ መተንፈሻ ይሻል።

ከፍታው ምን ይለውጣል?

ቶርንተን ከባሕር ወለል በላይ 1,630 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል 82 በመቶ ገደማ ብቻ በመሆኑ ውሃ በ100 ሳይሆን በ95 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ሙሴንግቼ እሳት ስለማያውቅ ይህ አይመለከተውም፤ ለጀማሪ ከሚመረጥባቸው ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነው። ጆሪም የሚባሉት፣ ድንች፣ የሎተስ ሥር ወይም በርዶክ የተባለው ረጅም ቡናማ ሥር በሶያ ሶስና በስኳር ቀስ ብሎ የሚበስልባቸው ማባያዎች ግን ከፍታው ይነካቸዋል። የኬሚካል ለውጥ በ10 ዲግሪ ልዩነት በግምት እጥፍ ይፈጥናል በሚለው ሻካራ ሕግ ሲሰላ፣ በሎስ አንጀለስ 30 ደቂቃ የሚፈጅ ሥር በቶርንተን ከ40 ደቂቃ በላይ ይፈልጋል። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው በዚህ አይደናገጥም፤ በዚያ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነውና የቶርንተኑ ድስት እንዲያውም ፈጣን ነው። የሚደናገጠው ከዋሽንግተን ዲሲ የተዛወረው ነው።

ከፍታው ሌላም ማደናገሪያ አለው። በባሕር ዳርቻ ከተማ የታሸገ የበርበሬ ከረጢት ኮሎራዶ ሲደርስ እንደ ፊኛ ይነፋል። ደረቅ ዕቃ ከሆነ ምክንያቱ የውጭው ግፊት መቀነስ ብቻ ነው፤ የመበላሸት ምልክት አይደለም። ማባያውን በጠርሙስ አሽጎ፣ በፈላ ውሃ ቀቅሎ ለወራት ማስቀመጥ ግን በቤት የሚሞከር አይደለም። የኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የኤክስቴንሽን አገልግሎት ለከፍታ ቦታዎች የተለየ የምግብ ማሸጊያ መመሪያ የሚያዘጋጀው ዝቅ ባለ ሙቀት የፈላ ውሃ ጀርሞችን ለመግደል ረዘም ያለ ጊዜ ስለሚፈልግ ነው፤ ለባሕር ወለል የተጻፈ ሰዓት እዚህ አይሠራም። ሙሴንግቼ የማቀዝቀዣ ምግብ ነው።

ራዲሽ በሌለበት

ኮሪያዊው መደብር ለራቀበት ሰው ካሮት አለለት። ይህ ከታሪክ የመጣ ምክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 የስታሊን መንግሥት በሶቪየት ሩቅ ምሥራቅ ይኖሩ የነበሩ 170,000 ገደማ ኮሪያውያንን በባቡር ጭኖ ወደ ካዛክስታንና ኡዝቤኪስታን አጋዛቸው። በዚያ ለኪምቺ የሚሆነው ጎመንና ራዲሽ እንደ ልብ አልተገኘም፤ ካሮት ግን ሞልቶ ነበር። ካሮቱን በረጃጅም ቀጫጭን ክትፎ አዘጋጅተው፣ በጨው አሳርፈው፣ አቼቶ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቀይ በርበሬና የተፈጨ ድንብላል ጨምረው፣ በላዩ የጋለ ዘይት አፈሰሱበት። ሞርኮቭቻ የተባለው ይህ ማባያ በመላው ሶቪየት ኅብረት ተስፋፋ፤ በዚያ ዘመን በታሽከንት የተማሩ ኢትዮጵያውያን ስሙን ሳያስታውሱ ጣዕሙን ሊያስታውሱ ይችላሉ። በኮሪያ ልሳነ ምድር የማይታወቅ፣ ነገር ግን ከመከራ የተወለደ እውነተኛ የኮሪያውያን ምግብ ነው። ካሮት 88 በመቶ ገደማ ውሃ ስላለውና ሥጋው ጠንካራ ስለሆነ ጨዉን ወደ 1 በመቶ ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ የሚወጣው ውሃም ከራዲሹ ያነሰ ነው።

ለደም ግፊት የሚጠነቀቅ ገበታ

የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ጎልማሳ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይመክራል። 15 ግራም ጨው ከገባበት 1 ኪሎ ራዲሽ ውስጥ፣ የፈሰሰው ውሃ ከ3 እስከ 4 ግራሙን ይዞ ይወጣል ተብሎ ቢሰላ፣ ከ900 ግራም በማያንሰው የተዘጋጀ ማባያ ውስጥ 11 ግራም ገደማ ይቀራል። በአንድ ገበታ 80 ግራም የወሰደ ሰው 1 ግራም ጨው ማለትም ከቀኑ ድርሻ አንድ አምስተኛውን በላ ማለት ነው። በጎኑ ሽሮና ምስር እንዳለ ሲታሰብ ይህ ቀላል ቁጥር አይደለም። የዓሣ ሶስ በአንድ የሾርባ ማንኪያ 1,400 ሚሊ ግራም ገደማ፣ ሶያ ሶስም 900 ሚሊ ግራም ገደማ ሶዲየም ስላላቸው እነርሱን መተው ለጾሙ ብቻ ሳይሆን ለልብም ነው። እናት ወይም አባት ከሀገር ቤት መጥተው አብረው ለሚኖሩበት፣ የደም ግፊት መድኃኒት ለሚወሰድበት ቤት፣ ጨው ያረፈበትን ክትፎ አንድ ጊዜ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቆ በደንብ ማንጠፍጠፍ ይሻላል። ጣዕሙ ጥቂት ይቀንሳል፤ አቼቶውን በግማሽ ማንኪያ ከፍ ማድረግ ያንን ይመልሳል።

«ሶዲየም የቀነሰ» ተብሎ የሚሸጠው በፖታሲየም ክሎራይድ የተሠራ ጨው ውሃውን በመሳብ በኩል ከተለመደው ጨው ብዙም አያንስም። ነገር ግን ይመርራል፤ ከዚህም በላይ የኩላሊት ሕመም ላለበት ሰውና አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶችን ለሚወስድ ሰው ፖታሲየም በደም ውስጥ መከማቸቱ ለሕይወት ሊያሰጋ ይችላል። ሐኪም ሳይጠየቅ ወደ ገበታ መቅረብ የለበትም።

ከማጥለያው ሥር የተጠራቀመው ውሃ የሚደፋው በችኮላ ነው እንጂ ጥቅም አለው። ጨውና የራዲሹን ጣፋጭ ይዟል፤ ስንፈጣውም ሲፈላ ይጠፋል። በዚያው ቀን በሚሠራ ሽሮ ወይም ምስር ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ያን ጊዜ በወጡ ውስጥ ሌላ ጨው ከመጨመር በፊት መቅመስ ያስፈልጋል።